መቀስ ያልነካው ሣር

ሁለቱ ወንድማማቾች ፀጉር ቆራጮች ናቸው፤ ሱቆቻቸውም በአንድ መንገድ ግራና ቀኝ ተፋጠው ይውላሉ። ታላቅየው ከመቀስ ሌላ የሚነካው መሣሪያ ስለሌለ የሰፈሩ ሰው «መቀስ» ይለዋል። ታናሽየው ደግሞ በኤሌክትሪክ ማሽን ካልሆነ አይሠራምና «ማሽን» ተብሎ ቀርቷል። ድሮ አንድ ሱቅ ነበራቸው። አንድ ቀን ማሽን የደንበኛ ፂም ከሚገባው በላይ ሲያነሳ፣ መቀስ በሰው ፊት «ይቅርታ ጌታዬ፣ ወንድሜ ሣር የሚያጭድ መስሎት ነው» አለ። ከዚያ ወዲህ ሰላምታ የለም። የግድ መነጋገር ካለባቸው በደንበኛ በኩል ነው። «ለዚያ ሰውዬ ከሰዓት ውሃ እንደሚጠፋ ንገረው» ይላል አንዱ በሩ ላይ ቆሞ። «ሰምቻለሁ በለው» ይላል ሌላው፣ ከማዶ።

ማሽን ግድግዳ የሚያክል ቴሌቪዥን ሲሰቅል የመቀስ ደንበኞች አንድ በአንድ መንገዱን መሻገር ጀመሩ። መቀስ ነገሩን የናቀ ይመስል ነበር፤ ቤቱ ሲገባ ግን ፊቱ ዝናብ ያዘለ ደመና ነው። ልብስ ሰፊዋ ሚስቱ ይህን ስታይ ሰነበተችና አንድ ቀን መርፌዋን አስቀምጣ ተናገረች።

«ሰው ተራ ሲጠብቅ ዓይኑን የሚያሳርፍበት ነገር ይፈልጋል። አንተ ሱቅ ውስጥ የሚታየው ነገር አንተ ብቻ ነህ።»

«እኔስ ምን አነስኩ?»

«አላነስክም። ታይተህ አልቀሃል።»

ቤት ልትቀይር ከነበረች ደንበኛዋ አንድ አኳሪየም ከነዓሦቹ ተቀብላ አመጣችለት። መስታወቱ የጠራ፣ ዓሦቹ ጣት የማያክሉ፣ ጭራቸው እንደ ሐር መሐረብ የሚውለበለብ። ውስጡ የተተከሉት ግን ደማቅ ሮዝ የፕላስቲክ ቅጠሎች ነበሩ። መቀስ በኩራት መስኮቱ አጠገብ አስቀመጠው።

መጀመሪያ ያዩት ጡረተኛው ዳኛ ናቸው። ዳኛው የሚቆረጥ ፀጉር ከሌላቸው ቆይቷል፤ የሚመጡት ጋዜጣ ለማንበብና ለመፍረድ ነው። መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ሳጥኑን መረመሩ።

«ለመሆኑ እነዚህ ዓሦች በምን ወንጀል ነው ፕላስቲክ የተፈረደባቸው?»

ተራ የሚጠብቀው ሁሉ ሳቀ። መቀስም ሽርጡን አውልቆ ሰቀለና ሕይወት ያለው ተክል ሊገዛ ወጣ።

የዓሣ መሸጫዋ ባለቤት እጅጌዋን እስከ ክርኗ የጠቀለለች፣ ከደንበኛ ይልቅ ለዓሣ የምታዝን ሴት ናት። መቀስ ገና ከመግባቱ ጣቱን ወደ አንድ ደም የመሰለ ቀይ ተክል ቀሰረ።

«ይሄንን ስጪኝ፣ እህቴ።»

«ከዚህ በፊት የውሃ ውስጥ ተክል አብቅለህ ታውቃለህ፣ ጋሼ?»

«ኧረ የለም።»

«እንግዲያው እሱን ተወው። እሱ ሙሽራ ነው። ኃይለኛ ብርሃን ይፈልጋል፤ በቀጭን ቱቦ የሚገባ ጋዝ ይፈልጋል፤ ምግቡ ትንሽ ከዘገየ ያኮርፋል። ለጀማሪ የሚሆነው ቻይ ነው። ና ወዲህ።»

ጓዳ አስገብታ ሦስት ዓይነት አወጣችለት። አንደኛው አኑቢያስ ይባላል፤ ቅጠሉ ወፍራም፣ ጥቁር አረንጓዴ፣ የጫማ ቆዳ የመሰለ። ሁለተኛው ቫሊስኔሪያ ነው፤ እንደ ረጅም ሪባን ወደ ላይ የሚዘናፈል ሣር። ሦስተኛው ድንጋይ ላይ የሚለጠፍ፣ የዛፍ ሽበት የመሰለ ነገር ነው።

«ሽበቱንስ ማቅለም ይቻላል?» አለ መቀስ።

ሴትዮዋ አልሳቀችም። «አሁን ስማኝ። ሪባኑን ሥሩን ጠጠሩ ውስጥ ቅበረው። አኑቢያስን ግን ይሄን አግድም የሚሄደውን ወፍራም ግንዱን እንዳትቀብርብኝ፤ ከተቀበረ ይበሰብሳል። ድንጋይ ላይ በክር እሰረው። መብራቱን ቀን አብራ፣ ሱቅህን ስትዘጋ አጥፋ። ከዚያ በኋላ ሥራህ አንድ ብቻ ነው፤ እጅህን መሰብሰብ።»

«በየስንት ጊዜው ነው የሚከረከመው?»

ሴትዮዋ ቀና ብላ ጣቶቹን አየች። «ሙያህ ምንድን ነው?»

«ፀጉር እቆርጣለሁ።»

«ወይ ጉድ!» አለች። «እነዚህ ተክሎች እኔ እስክነግርህ ድረስ መቀስ የሚባል ነገር አጠገባቸው እንዳይደርስ።»

መቀስ የታዘዘውን አንድም ሳያጓድል ፈጸመ። አኑቢያሱን ያሰረበት ክር ሚስቱ ለሙሽራ ቀሚስ ያስቀመጠችው የሐር ክር እንደነበር የታወቀው ዘግይቶ ነው፤ በዚያ የተነሳውን ጭቅጭቅ ለራሳቸው እንተውላቸው። ሱቁ ውስጥ ያለው ሁሉ ግን ተገረመ። አረንጓዴው በውሃው ውስጥ ሲወዛወዝ፣ ዓሦቹ በሪባኑ መሐል ሽው ሲሉ፣ ተራ ጠባቂዎቹ ተራቸው ሲደርስ «ሌላው ይቅደመኝ» ማለት ጀመሩ።

ደስታው ብዙ አልቆየም። ሪባኖቹ ከጫፋቸው እየሳሱ፣ እንደ እርጥብ ወረቀት እየቀለጡ ይረግፉ ጀመር። ያኔ ደንበኛው ሁሉ ሐኪም ሆነ። የታክሲው ሹፌር «ቫይታሚን ነው የጎደላቸው፤ የኔ ሚስት ፀጉሯ ሲነቃቀል በቫይታሚን ነው የዳነችው» አለ። ዳቦ ጋጋሪው ውሃው መሞቅ አለበት አለ። ዳኛው ጋዜጣቸውን ሳያነሱ «ቀጠሮ ይሰጠው» አሉ።

መቀስ ግን አልቻለም። የተጎዳ ጫፍ እያየ ዝም ማለት ለሱ ምግብ ቀርቦለት እጁ እንደታሰረ ሰው መሆን ነው። ትንሿን መቀስ ይዞ ወደ ውሃው ጎንበስ ካለ በኋላ የሴትዮዋ ዓይን ታየው መሰል፣ መቀሱን ጥሎ ስልኩን አነሳ።

«እህቴ፣ ድረሽልኝ! ራሰ በራ እየሆኑብኝ ነው!»

«አዲስ ቤት የገባ ሁሉ መጀመሪያ ይከሳል» አለችው። «አንተ ስታገባ አልከሳህም? አዲሱ ቅጠል ከሥር ነው የሚመጣው። የረገፈውን በእጅህ ልቀም፣ ሌላውን ተው። ደግሞ ያ ወንድምህ ነው መሰለኝ…»

«ወንድም የለኝም» አለ መቀስ።

«እንግዲያው ፊትህን የሰረቀ ሰው አለ። ቀዮቹን በሙሉ ጠራርጎ ወሰዳቸው። ብለው ብሠራው እንቢ አለኝ።»

መቀስ ስልኩን ዘግቶ በመስኮቱ ሲመለከት፣ እውነትም ማዶ ቴሌቪዥኑ ሥር የአልጋ ርዝመት ያለው አኳሪየም እየተተከለ ነው። መብራቱ የስታዲየም ነው። ቀያዮቹ ተክሎች ነበልባል መስለው ሲታዩ የታክሲው ሹፌር «ለአንድ ደቂቃ አይቼ ልምጣ» ብሎ ወጣ፤ በዚያው ቀረ።

የመቀስ ሪባኖች በዚህ መሐል ድምፃቸውን አጥፍተው ከሥር አዲስ ቅጠል አወጡ። ከዚያም በጠጠሩ ላይ ቀጭን ክንድ እየዘረጉ ልጅ ከልጅ አበቀሉ። መቀስ በየጠዋቱ ሱቁን ከፍቶ መጀመሪያ የሚያየው እነሱን ሆነ። ከማዶው ደግሞ ሌላ ወሬ ይመጣ ጀመር። መጀመሪያ «ቀዮቹ ቡናማ ሆነዋል» ተባለ፤ ቀጥሎ «ውሃው አረንጓዴ ሾርባ መስሏል» ተባለ፤ በመጨረሻ የታክሲው ሹፌር አንገቱን ደፍቶ ተመለሰና «ዓሦቹ አሉ ይላል እንጂ የሚያያቸው የለም» አለ። መቀስ ሊስቅ ፈልጎ አፉን ከፈተ፤ ሳቁ ግን አልመጣለትም። ታናሹ በልጅነቱ ያሳደጋት ጫጩት ስትሞት ምግብ አልበላም ያለበት ቀን ትዝ ብሎት ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ መቀስ ፎጣ ሲያጥፍ አንድ ደንበኛ ገብቶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ኮፍያው እስከ ቅንድቡ ወርዷል፤ ጥቁር መነጽርና የአፍ መሸፈኛ አድርጓል። በጎረነነ፣ በተሠራ ድምፅ «አሳጥርልኝ» አለ።

መቀስ ጨርቁን አልብሶ ኮፍያውን አነሳ። አናቱ ላይ ሁለት የፀጉር ሽክርክሪት አለ፤ አንዱ ወደ ቀኝ፣ አንዱ ወደ ግራ። የዚህን ራስ ፀጉር መጀመሪያ የቆረጠው እሱ ራሱ ነው፤ ያኔ ታናሹ ጉልበቱ ላይ ተቀምጦ ያለቅስ ነበር። መቀስ በመስታወቱ ውስጥ ዳኛውን አያቸው። ዳኛው ጋዜጣውን ከፍ አድርገው ፊታቸውን ሸፈኑ፤ ጋዜጣው ይንቀጠቀጣል።

ቀኙን ጎን ከጆሮ በላይ አሳጥሮ ሲጨርስ ደንበኛው ጉሮሮውን ጠረገ።

«የ… የዓሣው ሣር ያምራል። ምን ትሰጠዋለህ?»

«ምንም።»

«ውሸትህን ነው!» አለ ደንበኛው፤ ድምፁም የማሽን ሆኖ ወጣ።

መቀስ መቀሱን በአየር ላይ እንዳቆመ «ግንዳቸውን ቀብረሃቸዋል?» አለ።

ማሽን መነጽሩን አወለቀ። «እስከ አንገታቸው።»

«መብራቱስ?»

«ጠፍቶ አያውቅም። ማዳበሪያም ጨመርኩ… ብዙ ነው፣ ጋሼ። ዓሦቼ ይሞቱብኛል ብዬ ፈራሁ።»

«ጋሼ» የሚለውን ቃል መቀስ ከወንድሙ አፍ ከሰማ ዘመን ሆኖታል። ማበጠሪያውን ኪሱ ከተተና «ተነስ፣ እንሂድ» አለ።

«ግራው ጎን ይቀረኛል!»

«ፀጉር ይቆያል። ዓሣ ግን አይቆይም።»

የሰፈሩ ሰው ያንን ትዕይንት እስከ ዛሬ ያወራዋል። በማሽን ካልሆነ ፀጉር አይነካም የተባለው ሰው፣ ነጭ ጨርቅ እንደ ካባ ለብሶ፣ ግማሽ ራሱ በመቀስ ተከርክሞ፣ ግማሹ ጎፈሬ እንደሆነ፣ በወንድሙ ክንድ ተይዞ መኪና እያስቆመ መንገዱን ተሻገረ። ዳኛው ጋዜጣቸውን እንደያዙ ከኋላ ተከተሉ፤ «ምስክር ያስፈልጋል» እያሉ።

ወንድማማቾቹ እጅጌያቸውን ሰብስበው እስከ ብብታቸው አረንጓዴው ሾርባ ውስጥ ገቡ። የበሰበሰውን አወጡ፣ ውሃውን በከፊል ለወጡ፣ መብራቱን አጠፉ። ዓሦቹ በሕይወት ነበሩ፤ ከተቆለሉበት ጥግ ወጥተው ማን እንደመጣ የሚያዩ ይመስሉ ነበር። መቀስ ወደ ሱቁ ተመልሶ ከሪባኑ ልጆች ነቅሎ፣ ከሽበቱም ቆርሶ አመጣ። ለነገሩ ሴትዮዋ እስካሁን ፈቃድ አልሰጠችውም ነበር።

«እንዳትነግራት» አለው ታናሹን።

«ለማን ብዬ» አለ ማሽን፤ ልጆች ሳሉ ያደርግ እንደነበረው በትከሻው ገፋው።

ሪባኖቹ እዚያም መጀመሪያ ከሱ፣ ረገፉ፣ ቀስ ብለውም አቆጠቆጡ። ማሽን ሲቁነጠነጥ መቀስ ከማዶ «እጅህን ሰብስብ!» ይለዋል፤ አሁን በቀጥታ፣ ያለ ደንበኛ።

አንድ ጠዋት ማሽን በሩ ላይ ሆኖ «ጋሼ! ቶሎ ና!» ብሎ ጮኸ። መቀስ የሚቆርጠውን ሰው ትቶ ሮጠ። በሽበቱ መሐል፣ ከዓይን ብሌን የማይበልጡ፣ ሁለት ጥቁር ነጥብና አንድ ጭራ ብቻ የሆኑ የዓሣ ጫጩቶች ይርመሰመሳሉ። ወንድማማቾቹ ተንበርክከው ግንባራቸውን መስታወቱ ላይ ለጠፉ።

«ያው አንዱ! ከቅጠሉ ሥር!»

«የቱ? አየሁት፣ አየሁት። አትንፈስ፣ ትደነግጣለች።»

«በምን አወቅህ ሴት መሆኗን?»

«ዝም በላ፣ እያየሁ ነው።»

ከኋላቸው ጨርቁን እንደለበሰ፣ ፀጉሩ በግማሽ የተቆረጠው የመቀስ ደንበኛ በሩ ላይ ቆሞ ማን እንደሚጨርስለት ይጠይቅ ነበር። የሰማው የለም። ትንሽ ጠበቀና እሱም መጥቶ አጠገባቸው ተንበረከከ።