የይርገዱ እጅ

ይሳቅ የካሜራ ሌንስ መሰብሰብ የጀመረው ይርገዱን ከማግባቱ በፊት ነው። ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር ባለው ቤታቸው፣ ሌላው ሰው ብርጭቆና ሰሃን በሚደረድርበት ቡፌ ውስጥ የእሱ ሌንሶች ተደርድረዋል። የጀርመን አለ፣ የራሺያ አለ፣ የጃፓን አለ፣ ድሮ በባቡር ከጅቡቲ የገቡ የፈረንሳይም አሉበት። አብዛኞቹን ያገኛቸው ተበላሽተው ነው። ድሬዳዋ ለሌንስ ደግ አገር አይደለችም። አቧራውስ ይጠረጋል፤ ሙቀቱ ግን ውስጥ ያለውን ግራሶ ያቀልጠውና የብርሃኑን ቀዳዳ የሚያሰፉትንና የሚያጠቡትን ቀጫጭን የብረት ቅጠሎች ያጣብቃቸዋል። ይሳቅ ከፋብሪካ ሲመለስ ሽርጡን ታጥቆ፣ መብራቱን ወደ ጠረጴዛው ዝቅ አድርጎ፣ አንዱን ፈትቶ ያጥባል፣ ያደርቃል፣ መልሶ ይገጥማል። በሙያው የቶርኖ ሠራተኛ ስለሆነ፣ አሮጌ ሌንስ በአዲስ ካሜራ ላይ የሚያስገጥም ቀለበትም ራሱ ይቀርጻል።

በከተማው ፎቶ የሚያነሳ ሁሉ ያውቀዋል። ሌንስ የተበላሸበት ሰው “ይሳቅ ዘንድ ውሰደው” ይባላል። ይሳቅ ይህን ሲሰማ ምንም እንዳልመሰለው ሆኖ ያልፋል፤ ልቡ ግን ሞቅ ይለዋል።

ይርገዱ የአንደኛ ደረጃ ሒሳብ አስተማሪ ናት። ባሏ ሲፈታና ሲገጥም፣ ከጠረጴዛው ማዶ ተቀምጣ ፈተና ታርማለች። እጇ ቀይ እስክሪብቶ ላይ ቢሆንም ዓይኗ የሚሄደው ወደ እሱ እጅ ነው። አንዳንዴ “ያቺ ትንሿ ቡሎን ከታች ነው የነበረችው” ትለዋለች። እውነቷን ይሆናል። እሱም “አውቃለሁ” ይላታል።

አንድ ቀን መጋላ ሰፈር ፎቶ ቤት ያለው ጓደኛው ነጅሙዲን አንድ የፈረንሳይ ሌንስ አመጣለት። ቅጠሎቹ ከቦታቸው ወጥተው ውስጡ ይንኳኳሉ። እነዚህን ቅጠሎች መመለስ ከሥራው ሁሉ የከፋው ነው፤ በክብ ቅርጽ አንዱ በሌላው ላይ እየተደረበ ሄዶ፣ የመጨረሻው ቅጠል ከመጀመሪያው ሥር መግባት አለበት። ያንን ለማስገባት ሲሞከር የቀሩት ሁሉ ይፈርሳሉ። ይሳቅ ደጋግሞ ሞከረ። በመጨረሻ ወረንጦውን ወርውሮ፣ ቅጠሎቹን በሰሃን አድርጎ ክዳን ደፋባቸውና ተዋቸው።

በማግስቱ ከሥራ ሲመለስ ሰሃኑ ባዶ ነበር። ሌንሱ ጠረጴዛው ላይ ቆሟል። አንስቶ ቀለበቱን አዞረው። ቀዳዳው ጠበበ፣ ሰፋ፣ ጠበበ።

“ማን ነው የነካው?” አለ።

“እኔ ነኝ” አለች ይርገዱ ከወጥ ቤት። “ከትምህርት ቤት ቶሎ ተለቅቄ ነበር። አንተ የመጀመሪያውን አጥብቀህ ስለምታስቀምጠው ነው የመጨረሻው እምቢ የሚልህ። ላላ አድርጌ ተውኩት።”

ደስ ሊለው ይገባ ነበር። “ጎበዝ” አለ፤ ወደ ወጥ ቤቱ ግን አልዞረም።

ነጅሙዲን ሊወስድ ሲመጣ ቀለበቱን እያዞረ “አቦ ይሳቅ፣ ያንተ እጅ እኮ ሌላ ነው” አለው። ይርገዱ ሻይ ይዛ እየገባች ነበር። ይሳቅ አየት አደረጋትና “ትንሽ አስቸግሮኝ ነበር” አለ። እሷ ሻዩን አስቀምጣ፣ ስኳሩን ወደ እንግዳው ገፋ አድርጋ ወጣች። በዚያም ቀን በሌላም ቀን ነገሩን አላነሳችበትም። አለማንሳቷ ይበልጥ አበሳጨው።

ነገሩ ግን ተደብቆ አልቀረም። ሌላ ጊዜ ነጅሙዲን እዚያው ተቀምጦ እያለ ይሳቅ አንድ ቅጠል ገጥሞ ሌላው ሲፈርስበት፣ ይርገዱ ወረንጦውን ከእጁ ወሰደች። አጎንብሳ፣ ትንፋሿን ይዛ፣ ሁሉንም ደረደረቻቸው። የመጨረሻውን ከመጀመሪያው ሥር አንሸራትታ ስታስገባ ነጅሙዲን ከወንበሩ ተነስቶ ነበር።

“አቦ ይርጌ፣ እስከዛሬ የት ተደብቀሽ ነው?”

“እዚሁ ነበርኩ” አለች እየሳቀች።

ከዚያ በኋላ ስልኩ የሚደወለው ለእሷ ሆነ። ነጅሙዲን ሲመጣ ከበር “እንዴት ናችሁ” ይልና ወንበሩን የሚያዞረው ወደ ይርገዱ ነው። ሁለቱ ስለ ግራሶ ውፍረት፣ መስታወት ላይ ስለሚበቅል ሻጋታ ሲያወሩ ይሳቅ መሀላቸው እንደ እንግዳ ይቀመጣል። “ነጅሙ ዛሬም ሊመጣ ነው?” ይላታል። “ምነው፣ ያንተ ጓደኛ አይደል?” ትለዋለች። ሚስቱን በክፉ አልጠረጠራትም። የቀናው በሰው አልነበረም፤ በእጇ ነበር። ያቺ ቀጭን፣ የማትንቀጠቀጥ እጅ እንጀራ ስትቆርስ እንኳ ያያታል።

አንድ ቅዳሜ የማያውቀው ወጣት በሩን አንኳኩቶ “ይርገዱ አለች? ሌንስ ላሳያት ነበር” አለው። ይርገዱ ጓሮ ልብስ ታሰጣ ነበር። ይሳቅ “የለችም” ብሎ በሩን ዘጋው። ከዚያ ቡፌው ፊት ቆሞ ሌንሶቹን ሲያይ፣ የሌላ ሰው ዕቃ መሰሉት።

ሃዎ የሚባሉ አሮጊት በነጅሙዲን በኩል ሌንስ የላኩት በዚያው ሰሞን ነው። ኤዶ ሃዎ ነው የሚሏቸው፤ በሶማልኛ አክስቴ እንደማለት ነው። መጋላ ውስጥ የሚኖሩ፣ በሰፈሩ የተከበሩ ሴት ናቸው። የሞቱት ባላቸው ለገሃር በር ላይ ፎቶ አንሺ ነበሩ፤ ባቡሩ ሲመጣ የሚወርደውንና የሚሳፈረውን ያነሱ ነበር። ሌንሱ የባላቸው ነበር። መልእክቱም ግልጽ ነበር፤ “ያቺ አስተማሪዋ ትሥራው።”

ይርገዱ ሌንሱን እንደ ሕፃን አጠበችው። አንዱ በሌላው ውስጥ የሚጠመዘዙትን ሁለት ቱቦዎች ስታላቅቅ፣ መልሳ የምትገጥምበትን ቦታ በመርፌ ጫፍ ጭራ ምልክት አደረገችበት። ምልክቱ ያስፈልጋል። ቱቦው የሚጠመዘዝባቸው ጥርሶች ከብዙ ቦታ ስለሚጀምሩ በየትኛውም በኩል ይገባል፤ ያለቦታው ከገባ ግን ቅርቡን አጥርቶ ሩቁን ያደበዝዛል። ጨርሳ ስትገጥመው እንደ ቅቤ ይሽከረከር ነበር። እሑድ ኤዶ ሃዎ ቤት ሊሞከር ተቀጠረ።

ዓርብ ቀትር ላይ ይሳቅ ለምሳ ዕረፍት ቤት መጣ። ይርገዱ አልነበረችም። መንገዱ ላይ ሰው የለም፤ ከተማው በሙቀቱ ተሸንፎ ተኝቷል። ሌንሱ ጠረጴዛው ላይ፣ በንጹሕ መሀረብ ላይ ተቀምጧል። አነሳው። ሥራው እንከን አልነበረውም። እንከን ፈልጎ ቢያጣ ካቻቢቴውን አነሳ። ፈታው፣ ቱቦውን ከምልክቱ አንድ ጥርስ አሳልፎ አስገባው፣ መልሶ ዘጋው። እንዳይታወቅ የውጭ ቁጥሮቹን በቦታቸው አደረጋቸው። ሁሉንም ሲያደርግ ፊቱ አልተለወጠም። ሌንሱን እንደነበረው መሀረቡ ላይ መልሶ አስቀምጦ ወደ ፋብሪካ ሄደ።

እሑድ ከሰዓት ኤዶ ሃዎ ቤት ሰው ተሰብስቦ ጠበቃቸው። ጎረቤታቸው አብዲቃድርም ልጆቹን ይዞ መጥቷል። ቀዝቃዛ የቴምር ሂንዲ ጭማቂ ቀረበ። ከዚያ ሁሉም ወደ ሰገነቱ ወጡ።

“እዚህ ጋ ይቆም ነበር” አሉ ኤዶ ሃዎ ባላቸው የሚቆሙበትን ጥግ እያሳዩ። “ከዚህ ሆኖ የለገሃርን ጣሪያና ከኋላው ያለውን ተራራ ያነሳ ነበር። እሷኑ ፎቶ አንሺልኝ፣ ልጄ። በእሱ ዓይን እንድናይ።”

ነጅሙዲን ሌንሱን ካሜራው ላይ ገጠመው። ይርገዱ አነጣጠረች፣ ቀለበቱን እስከ መጨረሻው አዞረች፣ አነሳች። አየችው። ደግማ አነሳች። ፊቷ ተለወጠ።

ነጅሙዲን ካሜራውን ተቀብሎ ለኤዶ ሃዎ አሳያቸው። ዓይናቸውን አጥብበው አዩት። “ደመና ነው እንዴ?” አሉ። “ወይስ የኔ ዓይን ነው?”

“የእርስዎ ዓይን አይደለም፣ ኤዶ” አለች ይርገዱ። “የኔ ስሕተት ነው። እቤት በደንብ አልሞከርኩት ይሆናል።”

“ሞክረሽው ነበር” አለ ነጅሙዲን ግራ ገብቶት። “ኧረ ለኔም አሳይተሽኝ ነበር፣ ሐሙስ ዕለት።”

አብዲቃድር ከወደኋላ “ድሮም ለባልየው ነበር መስጠት” አለ። “ሴት ልጅ ብረት ምኗ ነው።”

ሁሉም ወደ ይሳቅ ዞሩ። ነጅሙዲን “እስቲ አንተ እየው” ብሎ ሌንሱን ሰጠው። ይሳቅ ስንት ወር የናፈቀው እይታ ነበር። ሌንሱን በመዳፉ ይዞ፣ ገና ሳያዞረው፣ “ጥርሱ ነው፤ አንድ ጥርስ ዘሏል” አለ። ኪሱ ውስጥ የነበረውን ትንሽ ካቻቢቴ አወጣ፣ ጥላ ፈልጎ ተቀመጠ፣ ፈታ፣ ቱቦውን ከመርፌዋ ጭረት ጋር አገናኝቶ መለሰው። ፎቶው ሲነሳ የለገሃር ጣሪያ ቆርቆሮው ሳይቀር ተቆጠረ፣ ተራራውም ቀርቦ መጣ።

ኤዶ ሃዎ ካሜራውን በሁለት እጃቸው ይዘው ፎቶውን አዩ። ከዚያ ይሳቅን መረቁት። አብዲቃድር ትከሻውን መታ መታ አደረገው። ይርገዱ ጭማቂዋን ሳትጠጣ አስቀመጠች።

ባጃጅ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው የደቻቱን ወንዝ ድልድይ ተሻገሩ።

“ሳትከፍተው እንዴት አወቅህ?” አለችው።

“ምኑን?”

“ጥርሱ ነው ያልከው ገና ሳታዞረው ነው።”

“በልምድ ነዋ።”

“ይሳቅ።”

ባለ ባጃጁ በመስታወት አያቸው። ይሳቅ ወደ ውጭ ተመለከተ። ቤት ገብተው በሩን ሲዘጉ ግን ቆሞ፣ “እኔ ነኝ” አላት።

ትጮሃለች ብሎ ጠብቆ ነበር። ወንበር ስባ ተቀመጠች።

“ብትነግረኝ እተውልህ ነበር እኮ” አለች። “‘ይርገዱ፣ ከበደኝ፣ አንቺ ተይልኝ’ ብትለኝ፣ ወረንጦውን አስቀምጬ ፈተናዬን አርም ነበር። አንተ ግን አንድ ቀን እንኳ አላልከኝም። የአንዲት አሮጊት ሴት ናፍቆት ውስጥ ገብተህ፣ በሰው ፊት አዋረድከኝ። ከዚያ ደግሞ ተመረቅህበት።”

“ይቅር በይኝ።”

“አሁን አልችልም። ብችልም ዛሬ አይደለም።”

ከዚያን ቀን ወዲህ ጠረጴዛው አጠገብ አልደረሰችም። ይሳቅ ያ ዝምታ ዕረፍት ይሆነዋል ብሎ አስቦ ነበር። ብቻውን ተቀምጦ ሲፈታ ግን “ያቺ ቡሎን” የሚለው ሰው የለም። ቅዳሜ ቅዳሜ እሷ ነጠላዋን ደርባ ትወጣለች፤ የት እንደምትሄድ አትነግረውም፣ እሱም አይጠይቃትም። የሰማው ከፋብሪካ ባልደረባው ነው። “ሚስትህ ነጅሙዲን ፎቶ ቤት ጠረጴዛ ተሰጥቷት ሌንስ ስትሠራ አየኋት” አለው። “ሰው ተሰልፎ ይጠብቃታል።” ይሳቅ ቶርኖው ላይ ያለውን ብረት ከልኩ አሳልፎ ቆረጠው።

ቅናቱ ባሰበት። ሌሊቱን ሲገላበጥ ያድራል፤ እሷ ጀርባዋን ሰጥታው ትተኛለች። ከቅናቱ በላይ የከበደው ግን የኤዶ ሃዎ ምርቃት ነበር። የእሱ ያልሆነ ነገር ኪሱ ውስጥ እንደያዘ ሆኖ ተሰማው።

አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻውን መጋላ ሄደ። ኤዶ ሃዎ ግቢያቸው ጥላ ሥር ተቀምጠው አገኛቸው። የመጣበትን ነገር ሳያስረዝም ነገራቸው። ሌንሱን ያበላሸው እሱ መሆኑን፣ ያስተካከለውም ሚስቱ ባደረገችው ምልክት መሆኑን ተናገረ።

ኤዶ ሃዎ ቀና ብለው አዩት። “ለእሷ ነግረሃታል?”

“ነግሬያታለሁ።”

“ታዲያ እኔ ዘንድ ምን ልትሠራ መጣህ? እኔ እሷን አልሰደብኳት።” ወደ ጎረቤት አጥር ዞረው ተጣሩ። “አብዲቃድር! ዋሪያ፣ ካላይ። ወዲህ ና።”

አብዲቃድር ከእንቅልፉ እንደተነሳ፣ ሽርጡን እያጠበቀ መጣ። ልጆቹም ተከተሉት። “በል፣ ለዚህ ንገረው” አሉ ኤዶ ሃዎ።

ይሳቅ ጆሮው እስኪግል አፈረ። ቢሆንም በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ሁሉንም ደገመው። አብዲቃድር ጢሙን እያሻሸ ሰማና፣ “ይሄን ሁሉ በሚስትህ ቀንተህ?” አለ።

“አዎ።”

“ያላህ” አለ አብዲቃድር። ኤዶ ሃዎም አልመረቁትም። “ሂድ እንግዲህ” ብቻ አሉት።

መጋላ ውስጥ የተነገረ ነገር ፎቶ ቤቱ ለመድረስ አይዘገይም። ቅዳሜ ይርገዱ ቤት ስትገባ ጫማዋን እያወለቀች “ሰማሁ” አለችው። ቆይታም “አብዲቃድር ራሱ መጥቶ ይቅርታ ጠየቀኝ” አለች።

“ታዲያ ትመለሺያለሽ? ወደ ጠረጴዛው ማለቴ ነው።”

“አይ። ቅዳሜዬን ወድጄዋለሁ።” ከቦርሳዋ አንድ ሌንስ አውጥታ ፊቱ አስቀመጠች። “ይሄ ግን ቀለበት ይፈልጋል። ነጅሙ አዲስ አበባ እንላከው አለ። ባሌ ይቀርጸዋል አልኩት።”

ይሳቅ አንስቶ አገላበጠው። ልኩን ወሰደ። በሳምንቱ ቀርጾ፣ አለስልሶ፣ ጥቁር ቀለም ቀብቶ ራሱ ፎቶ ቤት ድረስ ወሰደላት። ይርገዱ መብራት ሥር አጎንብሳ ነበር፤ ሁለት ሰዎች አግዳሚው ላይ ተቀምጠው እጇን እጇን ያያሉ። ቀለበቱን ተቀብላ ገጠመችው። ቀጥ ብሎ ገባ።

“ትንሽ ተቀመጥ፤ አብረን እንሄዳለን” አለችው።

ተቀመጠ። ወረንጦው በጣቶቿ መሀል ሲሄድ እያየ ያ የቆየ ነገር ደረቱ ውስጥ ተነሳ፤ እንዳልለቀቀው አወቀ። አንድ ሰው ካሜራ አንግቶ በሩ ላይ ቆመና “ይርገዱ የምትባለው እዚህ ናት?” ብሎ ጠየቀው።

“ናት” አለ ይሳቅ፣ አግዳሚው ላይ ጠጋ እያለለት። “ግን ተራ አለ።”