እንግዳው እስኪሄድ ድረስ

ቅዳሜ ጀምበር ስታዘቀዝቅ፣ ለሁለተኛ ዲግሪዬ የምጽፈው ጥናት ጭኔ ላይ እንደተዘረጋ፣ አንዲት ቃል መጨመር አቅቶኝ በብስጭት ተቀምጬ ነበር። ጥናቴ ልጆች ስሜታቸውን ለይተው ማወቅንና ከሰው ጋር መኖርን እንዴት ይማራሉ የሚል ነው፤ የማስተምረውም በልዩ ፍላጎት ክፍል ነው። ከተማሪዎቼ አንዷ ትርሲት አትናገርም። ደወል በጮኸ ቁጥር እጇን እስኪደማ ትነክስ የነበረችው ይህች ልጅ፣ ዓመት ሙሉ አብረን ከደከምን በኋላ፣ ስትፈራ መዳፏን ደረቷ ላይ ማሳረፍ ተምራለች። ለሌላው ሰው ይህ ኢምንት ነው፤ ለእኔ ግን ከዲግሪው ይበልጥብኛል።

የዚያን ቀን ከሰዓት እናቷ ወይዘሮ አትክልት ቤቴ ድረስ መጥተው ነበር።

«መምህርት፣ ትርሲት ለጊዜው ከትምህርት ቤት ትቅር» አሉኝ። «ነገ ለታላቋ ለፀዳለ ሽማግሌ ይመጣል። ሠርጉ እስኪያልፍ ጓዳ ትቆይልኝ። በዘራቸው አለ ብለው ቢሸሹብኝስ?»

«ሠርጉ መቼ ነው፣ እትዬ?»

«እሱን እግዜር ያውቃል» ብለው ነጠላቸውን አጣፍተው ሄዱ።

ወይ ጉድ! ይህችን «ለጊዜው» የምትባል ቃል ስንት ቤት ሰምቻታለሁ! ለጊዜው የተባለ ልጅ ተመልሶ ክፍሌ ሲገባ አይቼ አላውቅም። ልጅቷ የለመደችው ሁሉ ጨለማ ውስጥ ሊጠፋባት ነው እያልኩ በንዴት ስቃጠል እንቅልፍ ጣለኝ።

እነሆ፣ ጥቁር የምረቃ ካባ የደረቡ፣ ግርማቸው የሚያስፈራ አሮጊት ከፊቴ ቆሙ። «ተነሺ፤ የምትመኚያትን አገር ላሳይሽ» ቢሉኝ ተከተልኳቸው። ያየሁትን ምን ብዬ ልናገረው! ተሽከርካሪ ወንበር እንደ ልብ የሚንሸራሸርበት ለስላሳ መንገድ ከደጅ እስከ ደጅ ተዘርግቷል፤ ሕንፃው ሁሉ ትምህርት ቤት፣ በሩ ሁሉ ወለል ያለ፣ መንገደኛውም ሁሉ ካባ ለባሽ ነው። ዳቦ ጋጋሪው፣ ባለ ታክሲው፣ ዘበኛው ሳይቀር በልዩ ፍላጎት ትምህርት ተመርቋል። እልል ልል ምንም አልቀረኝ።

ከአንዱ ክፍል ገባን። መምህሩ «ስሜታችሁን አወቃችሁ?» ሲል ልጆቹ በአንድ ድምፅ «አዎ!» አሉ። «ደስ ብሏችኋል?» «አዎ!» «ገባችሁ?» «አዎ!» ጣሪያው ተናጋ። ከፊት የተቀመጠች አንዲት ልጅ እንባዋ ዱብ ዱብ እያለ እሷም «አዎ» ትላለች።

«ኧረ ያቺ ልጅ እያለቀሰች ነው!» አልኳቸው።

«አዎ ስትል አልሰማሻትም?» ሲሉ ተቆጡኝ።

«አዎ ማለት የማይችሉትስ የት አሉ?»

የአሮጊቷ ፊት ጠቆረ። «ጓዳ ናቸው። እንግዳ ስላለ ለጊዜው ገብተው ነው።»

«የምን እንግዳ?»

«አንዱ የትምህርታችንን መስፋፋት ሊያይ፣ አንዱ ሊያደንቅ፣ አንዱ ሊመርቅ ይመጣል። አንዱ ሳይወጣ ሌላው ይገባል። በእንግዳ ፊት ገመና ይገለጣል እንዴ?»

ከዚያ ከሚያማምሩት ሕንፃዎች ጀርባ ወሰዱኝ። ዳርቻው የማይታይ ጓዳ አየሁ፤ በሮቹ ከውጭ እንጂ ከውስጥ መክፈቻ የላቸውም። አንዱን ብከፍተው የተሰበሰቡት ልጆች ጠጉራቸው ሸብቷል። ለጊዜው እንደገቡ አርጅተዋል። ከመካከላቸው ትርሲትን አወቅኋት፤ እጇን ትነክሳለች። «ትርሲት! እኔ ነኝ!» ብዬ መዳፌን ደረቴ ላይ አድርጌ አሳየኋት። ትክ ብላ አየችኝ፤ አላወቀችኝም። በሩን በርግጄ «ነይ፣ እንውጣ» ብላት ብርሃኑን ፈርታ ወደ ጥግ ሸሸች።

«አትድከሚ» አሉ አሮጊቷ፤ ድምፃቸው ተሰበረ። «እዚያ ጥግ ያለችው የእኔ ልጅ ናት። ይህን ካባ የደረብኩ ዕለት ቤቴ እንግዳ ነበረ።»

«ታዲያ ለምን አያወጧትም?»

«ምን ብዬ ላውጣት? ልጅ አለሽ ወይ ሲሉኝ የለኝም ብያለሁ።»

ጮኼ ነቃሁ። ጎሕ ቀዷል። ያየሁትን ለሰሚ ሁሉ ልናገር፣ አስቀድሜም ከወይዘሮ አትክልት ቤት ልጀምር ቆረጥኩ። ያቺ የካባ ለባሾች አገር ትስተካከላለች የሚል ተስፋ የለኝም፤ ሕልሜም የሰው ልብ ይከፍታል ብዬ ራሴን አላታልልም። እትዬ አትክልት «ሕልም ነው፤ ተዪኝ እባክሽ» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። እንዲያ ካሉኝ ለሽማግሌዎቹ እናገራለሁ፤ በዚህ ቤት ትርሲት የምትባል ልጅ አለች እላቸዋለሁ። ሰምተው ተነስተው ይሄዱ ይሆናል። እናቲቱም ከዚያ በኋላ ደጃቸውን አያስረግጡኝም፤ ትርሲትንም ዳግም ማየቴን እንጃ።

ፀዳለን አውቃታለሁ። ትርሲትን አዝላ ያሳደገቻት፣ ጠዋት ጠዋት እጇን ይዛ ክፍሌ ድረስ የምታመጣት እሷ ናት። ዛሬ እህቷን የትዳሯ እንቅፋት አድርጌ ፊቷ ላቆምባት ነው። ይህን እያወቅሁ ጫማዬን አደረግሁ።