ካርዱ የሠራው ፊት

ባሌ ፋሲል ሲሞት አላለቀስኩም። እኔ ካልነገርኳችሁ ደብረ ታቦር ውስጥ የሚነግራችሁ ሰው አይጠፋምና ከራሴ ብትሰሙት ይሻላል። ሠርግ ሊቀርጽ የተሳፈረባት ሚኒባስ ከገሳይ ወዲህ ካለው ጠመዝማዛ ላይ ገደል ገባች፤ ካሜራው፣ ስልኩና እሱ አንድ ላይ አለቁ። ለቅሶው ላይ አጠገቤ የተቀመጡ ሴቶች «ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም» ተባባሉ። እኔ እንድሰማው ነበር፣ ሰማሁትም። ምንም አላለኝም። ንፍሮ ሰጡኝ፣ በላሁ። እንኳን ማልቀስ መናደድም አቃተኝ፤ እኔ ደግሞ መናደድ የሚያቅተኝ ሰው አልነበርኩም።

ሥራችን ሠርግ፣ ክርስትናና ምርቃት ነው። እሱ ይቀርጻል፣ እኔ ሱቅ ተቀምጬ አቀናብራለሁ። ሱቁ ውስጥ ካለው ዕቃ ሁሉ እሱ የሚሳሳለት ግራፊክስ ካርዱ ነበር። ካርድ ይባል እንጂ ካርድ አይመስልም፤ ክንድ የሚያህል፣ ሦስት ማራገቢያ ያለው ጥቁር ነገር ነው፤ ኮምፒውተሩ ውስጥ ይገባና የምስሉን ሥራ ሁሉ ይሸከማል። ዱባይ የምትመላለስ ዘመዱ ናት ያመጣችለት። ሲመጣ የኮምፒውተሩ ሳጥን አልበቃው አለ፤ ፋሲል የሳጥኑን ብረት በመጋዝ ቆረጠለት። ከዚያ የኃይል መስጫው አነሰው፣ ያንንም ቀየረለት። ከዚያ መብራቱ ከፍ ዝቅ ሲል እንዳያቃጥለው ማረጋጊያ ገዛለት። «ያዳቆነ ሰይጣን ሳያቀስስ አይለቅም» አልኩት። «ለሥራ ነው» አለኝ። ለሥራም ነበር፤ ድሮ ስድስት ሰዓት የሚፈጅብንን ሠርግ በግማሽ ሰዓት ያወጣዋል። በተረፈው ጊዜ ግን ፋሲል የመኪና እሽቅድምድም ይጫወትበታል። እዚያ ውስጥ በቀን አሥር ጊዜ ይገለበጥና «እንደገና» የሚለውን ይጫናል። ክረምት ላይ ካርዱ ሲግል ሁለታችንም እጃችንን ከሳጥኑ ጀርባ አስጠግተን እንሞቅ ነበር።

ከሞተ ሁለት ወር ሲያልፈው አጎቱ ጋሽ አያሌው ከጉና ወርደው ሱቅ መጡ። የሰማንያው ተዝካር ደርሷል፤ እናቱ እማማ ብዙነሽ ቤት ዳስ ሊጣል ነው።

«ፎቶውን ይዘሽ ነይ» አሉኝ። «ትልቅ አድርገሽ። እናቱ መላልሳ የምትጠይቀኝ እሱን ነው። ፊቱን እያየሁ ካላለቀስኩ አይወጣልኝም ትላለች።»

የእነሱ አገር ለቅሶ እንዲህ ነው፤ የሟቹ ፎቶ ሜዳው መሐል ከፍ ተደርጎ ይያዛል፣ ሰው እየዞረ ያለቅሳል። ቀብሩ ላይ ግን ፎቶ አልነበረም። ሬሳውም ተሸፍኖ ስለመጣ ፊቱን ያየው ሰው የለም። እናቱ ያን ቀን ሳጥን ዳብሰው ነው ያለቀሱት።

«እሺ፣ አመጣለሁ» አልኳቸው። የማመጣው ፎቶ ግን አልነበረኝም።

ስትሰሙት ያስቃል፤ የፎቶ ቤት ባለቤት ፎቶ የለውም። ከካሜራ ኋላ የሚኖርን ሰው ማን ያነሣዋል? የተጋባነው ሽማግሌ ፊት ፈርመን ነው፤ በገዛ ሠርጌ ሌላ ካሜራማን ሲያበላሽ ቆሜ አላይም ብሎ። ስልኩ ገደል ገብቷል። የኔ ስልክ ውስጥ ያሉት ሁለት ናቸው፤ በአንዱ ጀርባውን ሰጥቷል፣ በሌላው እጁን ወደ ሌንሱ ዘርግቶ «ተዪ» ይላል። የቀበሌ መታወቂያው ላይ ደግሞ ማኅተሙ አፍንጫው ላይ አርፏል።

አምስት ቀን ሙሉ የድሮ ሠርጎች ሳገላብጥ ከረምኩ። በመጨረሻ ሌላ ሰው በቀረጸው የገሳይ ሠርግ ላይ አራት ሰከንድ አገኘሁ። ፋሲል ካሜራውን ከትከሻው አውርዶ ዞር ይልና ይስቃል። ሩቅ ነው፤ ፊቱ ከባቄላ አይበልጥም፣ የደበዘዘም ነው። ሳገኘው ሆዴ ይባባል ብዬ ጠብቄ ነበር። ዝም ብዬ አፈጠጥኩበት እንጂ ምንም አልመጣልኝም።

በካርዱ የሚሠራ አንድ ፕሮግራም አለን፤ የደበዘዘ ፊት ሲሰጡት አጥርቶና አጉልቶ ያወጣል። የጎደለውን ከየት ያመጣል ካላችሁ፣ ይገምታል። ግምቱ እንዳይስት የዚያኑ ሰው ጥርት ያለ ሌላ ፎቶ አብራችሁ ስጡኝ ይላል። የፋሲል ጥርት ያለ ፎቶ የለኝም። የወንድሙ ግን ነበረኝ።

ዳዊት የፋሲል ታናሽ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት በባሕር ወደ ዓረብ አገር ሄዷል። ሊሄድ ሲል ፋሲል ራሱ ሱቃችን ውስጥ ነጭ መጋረጃ ፊት አቁሞ አሳምሮ አንሥቶታል። መጀመሪያ ላይ በየወሩ ይደውል ነበር፤ አሁን ግን ድምፁ ከጠፋ ዘጠኝ ወር ሆኖት ነበር። እናቱ በየገበያው ቀን በሰው «የዳዊት ወሬ ምን አለ?» ብለው ይልኩብናል፣ እኛ «ደህና ነው» ብለን እንልካለን። የምናውቀው ነገር አልነበረም። ሁለቱ ወንድማማቾች ቁርጥ አንድ ናቸው ይባላል፤ መንገድ ላይ አንዱ በሌላው ስም እየተጠራ ነው ያደጉት። እኔም የሰውን አፍ አምኜ የዳዊትን ፎቶ ከአራቱ ሰከንድ ጋር ሰጠሁትና ጀምር አልኩት።

ሦስቱ ማራገቢያዎች ተነሡ። ሱቁ ሞቀ። ከሰዓት በኋላ ነበር፤ መብራት እንዳይሄድብኝ ብቻ እየሰጋሁ ተቀመጥኩ። ከአርባ ደቂቃ በኋላ አንድ ወንድ ከስክሪኑ ላይ እየሳቀ አየኝ፤ የቅንድቡ ፀጉር አንድ በአንድ ይቆጠራል። ፋሲል ነው? ብዙ አየሁት። ነው ማለት አልቻልኩም፣ አይደለም ማለትም አልቻልኩም። ከሞተ ጀምሮ ፊቱን ላስታውስ ስሞክር የሚመጣልኝ ጀርባው ነው። የደነዘዝኩት እኔ ነኝ፣ ጥፋቱ የዓይኔ ነው ብዬ ደመደምኩ። ትልቅ አድርጌ አሳተምኩት፣ ፍሬም አስገባሁለት፣ በነጠላ ጠቀለልኩት።

የተዝካሩ ዕለት ገሳይ ላይ ከመኪና ወርጄ የጉናን ዳገት ሁለት ሰዓት ያህል በእግሬ ወጣሁ፤ ፍሬሙን የጋሽ አያሌው በቅሎ ተሸከመችልኝ። ሜዳው ላይ ሰው ሞልቷል፣ ንፋሱ አጥንት ይሰብራል። ጋሽ አያሌው ነጠላውን ገልጠው ፎቶውን ከራሳቸው በላይ ያዙት። ዓይናቸው ደካማ ስለሆነ ማንን እንደያዙ አላዩም።

እማማ ብዙነሽ ከሴቶቹ መሐል ወጥተው ፎቶው ፊት ቆሙ።

«ይኼ ዳዊት ነው» አሉ፣ ቀስ ብለው።

ያን ጊዜ ለኔም ታየኝ። ዳዊት ነበር። አገጩ፣ ዓይኑ፣ የጆሮው አቀማመጥ፣ ሁሉም የዳዊት ነው። የፋሲል የቀረው ሳቁ ብቻ ነበር።

«አይደለም እማማ፣ ፋሲል ነው» አልኳቸው።

«ለዚህ ነው ሰው የሰበሰባችሁት» አሉ። አልጠየቁኝም፤ አወቁ።

እዚያ አገር በሩቅ የሞተ ሰው ወሬ በቀጥታ አይነገርም። ሽማግሌዎች ይመካከራሉ፣ ወሬውን ይደብቃሉ፣ ከዚያ ሌላ ምክንያት ፈጥረው ሰው ይሰበስቡና ያረዳሉ። እማማ ብዙነሽ ራሳቸው ስንት ቤት ሄደው አርድተዋል። የተሰበሰበው ሰው፣ የተሸፈነው ፎቶ፣ የዘጠኝ ወሩ ዝምታ፣ የኛ «ደህና ነው»፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ገጠመላቸው። ጋሽ አያሌው ፎቶውን ዝቅ አድርገው ዳዊት አልሞተም ብለው በማርያም ማሉ። መርዶ የደበቀ ሰውም መጀመሪያ የሚያደርገው መማል ነው።

«አንቺ ንገሪያት እንጂ» አሉኝ ጋሽ አያሌው። «የሠራሽው አንቺ አይደለሽም?»

«ማሽን ነው የሠራው እማማ» አልኩ። «የፋሲል ጥርት ያለ ፎቶ ስላልነበረኝ የዳዊትን ሰጠሁት። ደባልቆ አዲስ ፊት አወጣ።»

«ማሽን የሰው ፊት ይሠራል?»

«ይሠራል።»

«ኸምንም ተነሥቶ?»

«ከትንሽ ነገር።»

በሐዘኔታ አዩኝ፤ ለሰው አዝኖ የሚዋሽ ልጅ እንደዚያ ነው የሚታየው። ከዚያ ደረታቸውን መቱ፣ «ዳዊቴ» አሉ፣ ሜዳው ተከተላቸው። ዘጠኝ ወር አፍነው የያዙት ለቅሶ ነበር። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ቀናሁባቸው። ያ ሁሉ እንባ ከየት እንደሚመጣ ባውቅ እኔም ሄጄ እቀዳ ነበር። ከዚያ ወዲያ በባሌ ተዝካር ላይ የባሌን ስም የጠራ ሰው የለም። እኔም አልጠራሁትም።

ሱቅ ተመልሼ ያለ ዳዊት ፎቶ ሞከርኩ። አንድ የማላውቀው ሰው ወጣ። ደገምኩት፣ ሌላ የማላውቀው ሰው ወጣ። ካርዱ አይሰለችም፤ ሃያ ጊዜ ብትጠይቁት ሃያ ባል ይሰጣችኋል፣ ሁሉም ጤነኛ፣ ሁሉም እየሳቁ። አጠፋሁት። ጉናም ሁለት ጊዜ ተመላልሼ ላስረዳ ሞከርኩ። እማማ ብዙነሽ ፀጉራቸውን ተላጭተዋል፣ የዳዊትን የክርስትና ስም በጸሎት እንዲታሰብ ለቄሱ ሰጥተዋል። በሄድኩ ቁጥር ድንች ቀቅለው ያቀርቡልኛል፣ እየበላሁ አስረዳለሁ፣ እሳቸው «ይሁን ልጄ» ይላሉ።

ወሩ ሳይሞላ፣ ሱቅ ተቀምጬ ሳለሁ ከማላውቀው ቁጥር ተደወለ። ዳዊት ነበር። ታስሮ ከርሞ መፈታቱ ነው። የፋሲልን ሞት እኔ ነገርኩት፤ ባንድ ትንፋሽ፣ ያለ ሽማግሌ። ማዶ ሆኖ ሲያለቅስ ስልኩን ይዤ ጠበቅኩት። ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ የሆነ ነገር ተሰማኝ፤ ደስታ ነው መሰለኝ። ባሌን መመለስ አልችልም፣ የእናቱን ሌላ ልጅ ግን መመለስ እችላለሁ። በማግስቱ ስምንት ሰዓት ላይ እንዲደውል ነገርኩት፤ ኔትወርክ የሚገኝበት ጉብታ ላይ እናቱን ይዤ እንደምጠብቀው።

እማማ ብዙነሽን እጃቸውን ይዤ ጉብታው ላይ አወጣኋቸው። ምን እንደሆነ አልነገርኳቸውም፤ ከራሱ አፍ ይስሙት ብዬ። ስልኩ ሲጠራ አንሥቼ ጆሯቸው ላይ አደረግሁላቸው።

«እማ፣ እኔ ነኝ፣ ዳዊት ነኝ» ሲል እኔም ሰማሁት።

አንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አዳመጡት። የታሰረበትን ነገራቸው። ስለ ፋሲል አለቀሰ። ዝም ሲሉበት ጊዜ ግራ ገባውና የልጅነቱን ማውራት ጀመረ፤ ቦራ የሚባለውን በሬ፣ ከበሬው ጀርባ ወድቆ ክንዱ የተሰበረበትን ቀን፣ የጠገነችውን ሴት ስም። ፊታቸው ተለወጠ። ወደኔ ዞሩ። አመኑ አልኩ በልቤ።

«ይኼንንም ነገርሽው?» አሉኝ።

«ለማን?»

«ለማሽኑ።»

ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው መለሱልኝ። አልተቆጡም። «ለኔ ብለሽ እንደደከምሽ አውቃለሁ ልጄ» አሉ። «ቁርጥ የሱን ድምፅ አውጥተሽዋል። ፊት ያወጣ ድምፅ አያቅተውም። ግን በቃ፣ ልጄ ይረፍበት። አጥፊው።»

ስልኩን ወደ ጆሮዬ መለስኩት። ዳዊት አሁንም «እማ» እያለ ነበር።