ስም ያልተጠራበት ጸሎት

የልብስ አጣቢዋን ምስጢር ያወጣነው በጸሎት ነው። «ያወጣነው» የምለው ጥፋቱን ለመካፈል ያህል ነው እንጂ አፌን መጀመሪያ የከፈትኩት እኔ ነኝ።

ስድስት ሆነን ወደ አንዲት የውጭ አገር የባሕር ጠረፍ ከተማ የመጣነው ለአሥር ቀን የወንጌል አገልግሎት ነው። መሪያችን አጎቴ ነው፤ የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ መጋቢ፣ ያለ ማይክም ድምፁ የሚበቃው ሰው። ያረፍንበት ቤት ባለቤት ደግሞ አሥራ አራት ክፍል የምታከራይ፣ ቁልፎቿን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ የምትዞር አሮጊት ናት። አንሶላና ፎጣ የምታጥብላት ምራቷ የእኛው አገር ልጅ ናት። ለሥራ መጥታ የአሮጊቷን ልጅ፣ መርከበኛውን፣ አግብታ እዚያው ቀርታለች። የሰባት ዓመት ሴት ልጅ አላቸው።

ሰኞ ዕለት ፎጣ ልቀይር ወደ ማጠቢያው ክፍል ወረድኩ። አማርኛ ስትሰማ የያዘችውን አንሶላ ከነውሃው ለቀቀችው።

«ውይ! እስቲ ድገሚው።»

«ፎጣ ነው ያልኩት።»

«እሱኑ ድገሚው።»

ከዚያ በኋላ ያላወራችኝ የለም። ባሏ ቅዳሜ ከመርከብ ይወርዳል። ልጅቷንም ሌላ አገር የምትኖረው እህቱ ጋ ወስዶ ሊያስቀምጣት ከእናቱ ጋር ተስማምቷል። እሷን የጠየቃት የለም፤ ያወቀችው የልጅቷ ልብስ ሻንጣ ውስጥ ሲገባ አይታ ነው። ስለዚህ ሐሙስ ጠዋት አራት ሰዓት በሚነሳው አውቶቡስ ልጇን ይዛ ልትሄድ ነው። ሌላ ከተማ ሆቴል ውስጥ የምትሠራ ጓደኛ አለቻት።

«ለማንም እንዳትተነፍሺ፣ እህቴ።»

«ምን ነካሽ! እኔን ነው?» አልኳት።

በእኛ ቡድን ያለ ጸሎት ርዕስ ቁርስ የለም። ጠዋት ጠዋት ክብ ሠርተን እንቀመጣለን፤ እያንዳንዱ የሚጸለይበትን ነገር ይናገራል። ማክሰኞ ተራው እየዞረ እኔ ጋ ደረሰ። ሁለት ቀን «ሰላም ነኝ» እያልኩ አልፌ ነበር።

«ይቺ የእህቴ ልጅ ምንም አይጎድላትም» አለ አጎቴ። «ምስኪኖቹ እኛው ነን!»

ሁሉም ሳቁ። እንቁላሉ እየቀዘቀዘ ነው። እኔ ካልተናገርኩ የሚነሳ የለም፣ ሌላ የምናገረው ነገር ደግሞ አልመጣልኝም። ተናገርኩ። ሐሙሱን፣ አውቶቡሱን፣ ልጅቷን። «በመሃላችን ይቅር» ማለቱን አልረሳሁም። ሁሉም «አሜን» አሉ። አጎቴ ደብተሩ ላይ ጻፈው።

ማንንም አልከነከነውም። በጸሎት ርዕስነት የቀረበ ነገር ሐሜት አይባልም። የማን እጮኝነት እንደፈረሰ፣ የማን ባል ከሥራ እንደተባረረ፣ ልጅ ሆኜ የሰማሁትን ሁሉ የሰማሁት ዓይኔን ጨፍኜ ነው።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ አሸዋው ላይ ፕሮግራም ነበረን። ሠላሳ ወንበር ያዋሰችን አሮጊቷ ናት፤ ስላዋሰችን ከፊት ተቀመጠች። የሚያስተረጉምልን እዚያ ሃያ ዓመት የኖረ የአገራችን ሰው ነው፣ ሞባይል ጠጋኝ። ጎበዝ ነው። አጎቴ ሲጮኽ ይጮኻል፣ እጁን ሲያነሳ ያነሳል፣ አንዲት ቃል አያስቀርም። መዝጊያው ላይ አጎቴ ደብተሩን ገለጠ።

«ጌታ ሆይ፣ ነገ ጠዋት ልጇን ይዛ ከአማቷ ቤት ለምትወጣው እህታችን መንገዱን ክፈትላት!»

ሞባይል ጠጋኙ ያቺንም አላስቀረም። ዓይኔን ስገልጥ የአሮጊቷ ዓይን ቀድሞኝ ተገልጧል። ተነሳች፤ ጫማዋን በእጇ ይዛ አሸዋውን እየረገጠች ወደ ቤቷ ሄደች።

«ጋሼ፣ ምን አደረግክ!»

«ምን አደረግኩ? ስም አልጠራሁም እኮ» አለኝ፣ ከልቡ ተገርሞ።

እኛ ዘንድ ስም ካልተጠራ ነገሩ አልተነገረም። በዚያች ከተማ ከአማቷ ጋር የምትኖር የአገራችን ሴት ግን አንዲት ብቻ ናት።

እየሮጥኩ ተመለስኩ። ማጠቢያው ክፍል ተቆልፏል። የቤተሰቡ መኖሪያ በር ላይ አሮጊቷ ወንበር አድርጋ ተቀምጣለች። እስከ ራት ድረስ ኮሪደሩን ስመላለስበት ዋልኩ፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ አርባ ሁለት እርምጃ ነው። መቀመጥ አልቻልኩም፣ መጸለይም አላማረኝም።

ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ማጠቢያው ክፍል ተከፍቶ አገኘሁት። ማሽኑ ወለሉን እያንቀጠቀጠ ይዞራል። ልብስ አጣቢዋ ትተኩሳለች፤ አንዱኑ የትራስ ልብስ ደጋግማ። ልጅቷ ጫማዋን አድርጋ የፎጣ ክምር ላይ ተቀምጣለች።

«ወሰደችው» አለችኝ ቀና ሳትል። «የልጄን ፓስፖርት፣ የእኔን መኖሪያ ፈቃድ። ሁለቱንም ከቁም ሳጥኔ። ያለ እነሱ አውቶቡስ ላይ አያሳፍሩኝም።»

«እኔ... ለጸሎት ብዬ ነው።»

«ለጸሎት!» ካውያውን አቆመችው። «ጸልዪልኝ አልኩሽ? ዝም በዪልኝ ነው ያልኩሽ። ይሄ ከበደሽ?»

ከብዶኝ ነበር። ወደ ምግብ ቤቱ ወጣሁ። አጎቴ ዳቦውን ማር እየቀባ ነው።

«ጋሼ፣ ወረቀቷን አስመልስላት።»

«መጀመሪያ ቁጭ በይ። ሻይ ጠጪ።»

«አውቶቡሱ አራት ሰዓት ይነሳል።»

«ቅዳሜ ባልየው ሲመጣ ሁላችንም ተቀምጠን እናስታርቃቸዋለን። እኛ ትዳር ልናፈርስ አልመጣንም።»

«ከቅዳሜ በኋላ እኮ ልጅቷ የለችም! ትናንት መንገዱን ክፈት ብለህ ጮኸህ፣ ዛሬ መንገዱ ላይ ቁጭ ብለህ ዳቦ ትቀባለህ?»

አጎቴ ቢላዋውን አስቀመጠ።

«አፍሽን ሰብሰብ አድርጊ» አለኝ። «ዲግሪ ቢኖርሽም ያዘልኩሽ እኔ ነኝ።»

ትቼው ወጣሁ። የሁላችንም ፓስፖርት የሚቀመጠው እንግዳ መቀበያው ጠረጴዛ መሳቢያ ውስጥ ነው። አሮጊቷ ከጠረጴዛው ኋላ ተቀምጣለች፤ ሞባይል ጠጋኙ የዕለቱን ፕሮግራም ሊጠይቅ መጥቶ ፊቷ ቆሟል።

«ሲም ካርድ ላወጣ ነው፤ ፓስፖርቴን ስጪኝ በልልኝ» አልኩት። አንድ አገልጋይ ሲዋሽ ፊቱ የሚቀላ ይመስለኝ ነበር። ምንም አልሆንኩም።

አሮጊቷ ቁልፉን ከአንገቷ አውልቃ መሳቢያውን ከፈተች። በላስቲክ የታሰረው የእኛ ጥቅል ከሥር ነው። ከላይ አንድ ፓስፖርትና አንድ ካርድ ለብቻቸው ተቀምጠዋል። እሷ ላስቲኩን ስትፈታ እጄን ሰድጄ ሁለቱን አነሳሁ።

ጩኸቷን ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልገኝም ነበር። እሱ ግን ልማዱ ነው።

«‹ሌባ› ትላለች። ‹የእግዜር ሰው ነኝ ባይ ሌባ› ትላለች። ‹ካልመለስሽ ያንቺን አልሰጥሽም› ትላለች።»

«ያዢው በላት።»

«እህቴ፣ ሰኞ በረራ አለሽ እኮ!»

«እሷ ደግሞ ዛሬ አውቶቡስ አላት። በላት!»

አላት። አንዲት ቃል አላስቀረም።

አሮጊቷ ልትከተለኝ ከጠረጴዛው ኋላ ስትወጣ አጎቴ ጩኸቱን ሰምቶ ከምግብ ቤቱ መጣ። ኮሪደሩ ጠባብ ነው፣ አጎቴ ደግሞ ሰፊ። ሁለት እጇን ያዘና ይቅርታ መጠየቅ ጀመረ። «እናቴ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ስለ መልካም አቀባበልሽ...» ሞባይል ጠጋኙም ከኋላ ከኋላ እየተረጎመ ተቀበለው። የአጎቴን ይቅርታ አውቀዋለሁ፤ መግቢያ አለው፣ ቢያንስ ሦስት ነጥብ አለው፣ ማጠቃለያ አለው። አሮጊቷ በግራ ብትል በቀኝ ብትል ማለፊያ አጣች። ሆን ብሎ ይሁን፣ ወይስ አንዴ ከጀመረ ማቆም ስለማይችል፣ እስካሁን አልጠየቅኩትም። ወደ እኔ ግን አልዞረም።

ማጠቢያው ክፍል ስደርስ ሦስት ሰዓት ከሩብ ሆኗል። ልብስ አጣቢዋ ፓስፖርቱን ገልጣ ፎቶውን አየች፣ ልጅቷን አየች፣ ከካርዱ ጋር ደረቷ ውስጥ ከተተችው። ሽርጧን ፈትታ ማሽኑ ላይ ጣለችው። ከአንሶላ ቅርጫቱ ሥር አንዲት ትንሽ ሻንጣ አወጣች። ላመስግንሽ እንዳትለኝ ፈርቼ ነበር፤ ፍርሃቴ ከንቱ ነበር።

«ጣቢያው ድረስ ልሸኝሽ» አልኳት። «ሻንጣውን ልያዝልሽ።»

«አንቺ?» ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «አንቺ እዚሁ ሁኚ። መንገድ ላይ ሰው ካገኘሽ ታወሪያለሽ።»

ልጅቷን ከፎጣው ክምር ላይ አወረደቻት፤ እጇን ይዛ በጓሮው በኩል ወጣች። በሩን ከኋላዋ ቀስ ብላ፣ ድምፅ ሳታሰማ ዘጋችው።