የአንበጣ ሰባት መቶ ግራም

የእህቴ ልጅ እግር እንዳወጣች ከሶፋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ አባቷ ትከሻ መዝለል ስለ ጀመረች አንበጣ የሚል ስም ወጣላት፤ ካራቴ ከጀመረችም በኋላ ስሙ አልለቀቃትም። ከዘጠኝ ዓመት ልፋት በኋላ ለዓለም አቀፉ ሻምፒዮና ስትመረጥ፣ ከሃምሳ አምስት ኪሎ ማለፍ በማይፈቀድበት የሴቶች ምድብ ተመዘገበች። ችግሩ እናቷ ኬክ ጋጋሪ መሆኗ ነው።

ሦስት ወር ሙሉ በቤታችን የኬክ ስም አልተጠራም። እህቴ ክሬም የነካውን ሽርጧን ከደጅ አውልቃ ትገባ ነበር፤ ደንበኛ ሲደውልላትም መታጠቢያ ቤት ገብታ፣ በሩን ዘግታ፣ "አዎ፣ ያ ባለ ሦስት ፎቁ" እያለች ታንሾካሹካለች። አንበጣ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት እናቷ ሱቅ ወርዳ የዱቄት ሚዛኑ ላይ ትቆማለች። መርፌውን የማነበው እኔ ነበርኩ፤ ሠላሳ ዓመት ፊዚክስ ያስተማረ ሰው ቤት ውስጥ ተቀምጦ ሌላ ማን ሊያነብ ይችላል? በመጨረሻው ቅዳሜ መርፌው ልክ ሃምሳ አምስት ላይ ቆመ። ሦስታችንም ተቃቅፈን ዘለልን፤ እኔ እንኳ ከነጉልበት ሕመሜ።

በውድድሩ ዕለት ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ መመዘኛው ክፍል ገባን። ጠባብ ነው፤ ግራና ቀኝ አግዳሚ ወንበር ተደርድሮበታል፤ የጡንቻ ማሻ ቅባት ይሸታል። መዛኟ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የሰቀለች ኮስታራ ሴት ናት። አንበጣ ሚዛኑ ላይ ወጣች። ቁጥሮቹ ተሯሯጡ፣ ተሯሯጡና ቆሙ፤ ሃምሳ አምስት ኪሎ ከሰባት መቶ ግራም።

"ሚዛናችሁ ተበላሽቷል" አለች እህቴ።

"ትናንት ነው የተፈተሸው" አለች መዛኟ። "በሩ አራት ሰዓት ላይ ይዘጋል። እስከዚያ ደጋግማ መመዘን ትችላለች። ከዚያ በኋላ ግን አንዲት ግራም ብትተርፍ አትወዳደርም።"

አንበጣ ወደ እኔ ዞረች። "አክስቴ፣ ሃምሳ አምስት ነሽ አላልሽኝም?"

"ብዬሻለሁ። በዓይኔ በብረቱ ነው ያየሁት!"

"ውይ፣ ጣውላው!" አለች እህቴ፤ አፏንም በመዳፏ ያዘች።

እህቴ ዱቄቱ እርጥበት እንዳያገኘው በሚዛኑ ላይ ዘወትር ስስ ጣውላ ታስቀምጣለች፤ የጣውላው ክብደት ከዱቄቱ ጋር እንዳይደመርም መርፌውን ጣውላው እንዳለ ዜሮ ላይ አስተካክላዋለች። ልጇ ስትመዘን ግን "ስንጥር ይወጋታል" ብላ ጣውላውን ታነሳላት ነበር። በዚያን ጊዜ መርፌው ከዜሮ ወደ ታች ሰባት መቶ ግራም ያህል ወርዶ ይቀመጣል። ይህን የሚያይ ሰው ያስፈልግ ነበር፤ ያ ሰው ደግሞ እኔ ነበርኩ፤ አላየሁም።

"እማማ" አለኝ አብሮን የገባው አሰልጣኟ፣ "ምን ዓይነት ፊዚክስ ነበር ያስተማሩት?"

"የድሮውን" አልኩት።

እሱም ጊዜ አላጠፋም። አንበጣን የፕላስቲክ የዝናብ ልብስ አልብሶ በሕንፃው ደረጃ ሽቅብ ቁልቁል ያስሮጣት ጀመር። የጽዳት ሠራተኛዋ ወለል መወልወሏን ትታ፣ በመጥረጊያዋ ተደግፋ "በርቺ እታለም" ትላት ነበር። ሃያ አምስት ደቂቃ ሲቀር ተመልሳ ስትመዘን መቶ ግራም ብቻ ቀራት።

"ላቧ አልቋል። ከእንግዲህ የቀረን ምራቅ ነው" አለ አሰልጣኙ፤ የወረቀት ኩባያም ሰጣት።

ነገር ግን የልጅቷ አፍ ከድንጋጤና ከሩጫ የተነሣ ኩበት ሆኗል። እህቴ ይህን አይታ ከፊቷ ተቀመጠች፤ እጅጌዋንም ሰበሰበች።

"ልጄ፣ ይቅር በይኝ። ዐሥራ ሁለት እንቁላል እሰብራለሁ።"

"እማዬ፣ ተይ!"

"ነጩን ለብቻው እመታዋለሁ። ዝም ብዬ አይደለም፤ ሳህኑን ብገለብጠው ጠብ እስከማይል ድረስ። ቅቤውንና ስኳሩን ደግሞ..."

የሦስት ወር ዝምታዋ እንደ ተደረመሰ ግድብ ወጣ። አንበጣ ኩባያዋን ወደ አፏ አስጠጋች። እንትፍ። እህቴ በእጇ ትመታለች፣ ታፈሳለች፣ ትቀባለች፤ ምድጃ ከፍታ በጣቷ ጫን አድርጋ ታያለች። እንትፍ።

ማዶ ጥግ ላይ ደግሞ ያለፈው ዓመት ሻምፒዮን ተቀምጣለች፤ ስልሳ ግራም ተርፏት፣ እሷም ኩባያዋን ይዛ፣ እሷም አፏ ደርቆ። የሩቅ አገር ሰው ናትና ቋንቋችንን አታውቅም። የእህቴን እጅ ግን ታያለች። በመቀመጫዋ እየተንፏቀቀች ቀረበች፤ ክሬሙ ሲቀባ አጠገባችን ደረሰች። እንትፍ።

አሰልጣኙ ደሙ ፈላ። "እትዬ፣ ዝም ይበሉ! የመጀመሪያ ተጋጣሚያችን እኮ እሷ ናት! አሁን ከወደቀች ለእኛ ግልግል ነው!"

እህቴ ድንገት አቆመች። በሌለ ማንኪያ ላይ ያለ፣ የሌለ ቸኮሌት አየር ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ሻምፒዮኗ ጡት እንደ ተነጠቀ ሕፃን የእህቴን እጅ አፍጥጣ ታያለች። ዘጠኝ ደቂቃ ቀርቷል።

"ቀጥዪ እማዬ" አለች አንበጣ።

"እሷስ?"

"እሷም ታዳምጥ። ዘጠኝ ዓመት የተንከባለልኩት ከእሷ ዓይነቷ ጋር ልጋጠም ብዬ ነው። ሻምፒዮኗን በምራቅ አሸነፈቻት ተብሎ ይወራብኝ?"

እህቴ ቸኮሌቱን አፈሰሰች፤ ከዳር እስከ ዳር፣ ሳትሰስት፣ ለሁለቱም።

ሁለት ደቂቃ ሲቀር አንበጣ ሚዛኑ ላይ ወጣች፤ ሃምሳ አምስት፣ ድፍን። ሻምፒዮኗ ተከተለች፤ ከልኩ ዐሥር ግራም ጎደላት። መዛኟ ሁለቱንም መዝግባ መነጽሯን አወረደች፤ ጉሮሮዋንም ጠራርጋ ወደ እህቴ ጠጋ አለች።

"ለመሆኑ፣ ምድጃው ስንት ዲግሪ ይሁን?"

በግጥሚያው ሻምፒዮኗ አምስት ለሦስት አሸነፈች። ሦስቱን ነጥብ አንበጣ ያገኘችው ጭንቅላቷ ላይ ባሳረፈችው አንድ ርግጫ ነበር፤ ሻምፒዮኗ ራሷ "ይሄ ከየት መጣ?" በሚል ዓይን አየቻት። እህቴ ማልቀስ ልትጀምር ስትል አሰልጣኙ እየሮጠ መጣ።

"ገና አላለቀም! ለፍጻሜ ባለፈች ተወዳዳሪ የተሸነፉ ለነሐስ ተመልሰው ይጠራሉ። ሻምፒዮኗ ፍጻሜ መድረስ አለባት!"

እህቴ እንባዋን ዋጥ አድርጋ ተነሣች። ከዚያ በኋላ ሻምፒዮኗ በተጋጠመች ቁጥር የአዳራሹን ጣሪያ የሚያነቃንቀው የእሷ ጩኸት ሆነ። "በያት! ግራዋን ጠብቂ! አይዞሽ የኔ ጎበዝ!"

ከፊታችን የተቀመጡ ሽማግሌ ዞር ብለው "ልጅዎ ናት?" አሏት።

"ኧረ አይደለችም" አለች። "ልጄን የደበደበቻት ናት።"

ሻምፒዮኗ ፍጻሜ ደረሰች፤ አንበጣም ተጠራች። በነሐሱ ግጥሚያ ከሌላ ተጋጣሚ ጋር አንድ ለአንድ ሆነው ጥቂት ሰከንዶች ሲቀሩ እህቴ አፏን ከፈተች፤ ምንም አልወጣም። ድምፅዋን ለሌላ ሰው ልጅ ጨርሳዋለች። ክንዴን ጨብጣ በዓይኗ ለመነችኝ። እኔም በሰባ ሁለት ዓመቴ ወንበር ላይ ወጥቼ፣ ተማሪ ስቆጣበት በነበረው ድምፅ፣ "ምቺያት!" ብዬ ጮህኩ፤ መታቻትም።