ስህተት የማያሳየው ድረ ገጽ

የጤና ማሠልጠኛው የኮምፒውተር ባለሙያ አንድ ኩራት ነበረው፤ እሱ የሠራው የመመዝገቢያ ድረ ገጽ ስህተት አያሳይም። አለቃው ቀይ ጽሑፍ ስለማይወዱ፣ የተመዝጋቢዎቹን ስም የሚይዘው ዳታቤዝ ምንም ይበል ምን ገጹ «እናመሰግናለን፣ ተመዝግበዋል» እንዲል አድርጎ ጻፈው። አለቃውም በስብሰባ ላይ «እንደ እሱ ያለ ባለሙያ አላየሁም» አሉ። ከዚያ ወዲህ ደረቱን ነፍቶ ነው የሚሄደው።

ታላቅ እህቱ ነርስ ናት። እዚሁ ለሚሰጥ የአዋላጅነት ሥልጠና ሦስት ዓመት ጠብቃ ዘንድሮ በለስ የቀናት መሰላት፤ ቀድመው የተመዘገቡ ሠላሳ ሰዎች ይገባሉ ተባለ። ዝርዝሩ ሲለጠፍ ግን ስሟ የለም። የሥራ ልብሷን እንኳ ሳታወልቅ መጥታ ጠረጴዛው ፊት ቆመች።

«ምዝገባው በተከፈተ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ነው ፎርሙን የሞላሁት። ገጹም አመሰገነኝ እኮ» አለችው።

«አንቺ ደግሞ የማይነካ ነገር ነክተሽ ይሆናላ!»

የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የተባለው ለእሱ ነው።

«እሺ፣ እስቲ እሱን ጠይቀው» አለች፣ ወደ ኮምፒውተሩ በአገጯ እያሳየች።

መጠየቁማ ቀላል ነበር። ዳታቤዙ እንቢ ሲል የእንቢታውን ቁጥር የምታመጣ አንዲት መስመር ገጹ በተጻፈበት የኮምፒውተር ቋንቋ፣ በፒኤችፒ፣ አለች፤ አፏን የለጎማት እሱ ራሱ ነው። ልጓሙን ፈታላትና የእህቱን ፎርም እንደገና ሞልቶ ላከ። 1062 የሚል ቁጥር መጣ። ይሄ ስልክ ቀድሞ ተመዝግቧል ማለት ነው።

«አላልኩሽም? ሁለቴ ሞልተሽ ነው» እያለ መዝገቡን ከፈተ። በእህቱ ስልክ ቁጥር፣ በዝርዝሩ አናት ላይ፣ አቶ ዱባ ቅሉ የሚባሉ ሰው ተቀምጠዋል።

ስሙን ሲያየው አስታወሰ። ገጹን የሞከረ ዕለት በቃሉ የሚያውቀው ስልክ የእሷ ብቻ ስለነበር በእሱ ሞላ፤ ስሙንም እንደመጣለት ጻፈ። መሰረዙን ረሳው። አቶ ዱባ አንደኛ ሆነው አለፉ፣ አለቃውም ፈረሙላቸው።

ነገሩን ሲነግራት ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋ ቆመ።

«እኔስ እህትህ ስለሆንኩ መጣሁ። እንቢ ተብላ ተመስግና የሄደች የሰው እህት ማን ጋ ትሂድ?»

የተፈረመ ዝርዝር የሚቀየረው በአለቃው እጅ ብቻ ነው፤ ያችን የስብሰባ ምስጋና እያሰበ በእግሩ ሳይሆን በሆዱ የሚሄድ እየመሰለው ኮሪደሩን ጨረሰ።

«አቶ ዱባ ቅሉ የሚባለውን ሠልጣኝ ለማሰረዝ ነበር» አላቸው።

«ምነው፣ ሰውዬው ምን ሆነ?»

«ሰውዬው እኔ ነኝ፣ ጌታዬ።»