የእናቴ ባንጎ

እናቴ መብላት ያቆመችው ማክሰኞ ቀን ነው። ዓርብ ሲደርስ ሐኪሙ «በአፍንጫዋ በቱቦ እንመግባታለን» ማለት ጀመረ፤ እኔም ሐኪሙን ለመደብደብ ትንሽ ነበር የቀረኝ።

የምትኖረው በደሴታችን፣ ሂሎ ከተማ፣ ከባሕሩ ዳር ከፍ ብሎ ባለው የአረጋውያን መኖሪያ ነው። ዕድሜዋ ሰማንያ ዘጠኝ ነው። አእምሮዋ ግን አንድ ቀን ጠዋት ተነስቶ ድሮ ትሠራበት ወደነበረው የሸንኮራ አገዳ እርሻ ሄደና በዚያው ቀረ። እኔን አታውቀኝም። ከሁለት ዓመት ወዲህ አንዴ የሱቅ ሻጭ፣ አንዴ የአገዳው ባቡር ሾፌር ስሆን ከርሜያለሁ። ልጇ ሆኜ ግን አላውቅም።

አስታማሚዋ ፑሪታ ሳህኑን ስታቀርብላት እናቴ አንገቷን ትዳብሳለች።

«ባንጎዬስ?»

«እማማ ኪኩዬ፣ ይብሉ እንጂ። ሩዙ እኮ ቀዘቀዘ።»

«ባንጎዬን ሳላሳይ ሩዝ ልወስድ? ሌባ ልታሰኚኝ ነው? አንሺው ብያለሁ!»

ባንጎ ቁጥር የተመታበት ትንሽ የናስ ጠፍጣፋ ነው። በእርሻው ዘመን ጃፓኑም፣ ፖርቱጋሉም፣ ፊሊፒኖውም አንገቱ ላይ ያንጠለጥለው ነበር። አለቆቹ ስም አይጠሩም፤ ስማችን ለአፋቸው አይመችም። ሥራ የሚገባው፣ ደመወዝ የሚቀበለው፣ ከሱቁ ሩዝ የሚያወጣው ባንጎው ነው፤ ሰውየው ከኋላው ይከተለዋል። እርሻው ተዘግቶ አገዳው ከጠፋ በኋላ ባንጎ እንደ እኔ ላሉ ቀውሶች ቀረ።

እኔ ሰብሳቢ ነኝ። የደሴቶቻችን የድሮ ንጉሥ፣ የካላካዋ መልክ ያለባቸው የብር ሳንቲሞች አሉኝ፤ የዘውድ በዓሉን ሜዳሊያ ሳይቀር ጥጥ ላይ አስተኝቼዋለሁ። ከሁሉ በላይ የምኮራው ግን በባንጎዎቼ ነው፤ ከእኛ እርሻ ብቻ ሁለት መቶ አሥራ አንድ አሉኝ። እያንዳንዱ የራሱ ካርድ አለው፦ ማዕድኑ፣ ክብደቱ፣ የተፋቀው ምን ያህል እንደሆነ። የእናቴ ቁጥር፣ ሦስት ሺህ አራት መቶ አሥራ ሰባት፣ ከመካከላቸው የለም። ደህና በነበረች ጊዜ ጠይቄያት ነበር።

«ባሕር ውስጥ ወረወርኩት» አለችኝ። «አንተም እነዚያን ቆርቆሮዎች ብትወረውራቸው ይሻልሃል።»

ቅዳሜ ጠዋት ከሳጥኔ ለእሷ ቁጥር የሚቀርበውን መርጬ ሄድኩ፤ የሴት ባንጎ፣ ሞላላ፣ ሦስት ሺህ አራት መቶ ሁለት። ክር አስሬ መዳፏ ላይ አስቀመጥኩላት። ወደ መስኮቱ አዙራ አየችውና ተቆጣች።

«ይሄ የሃሩዮ ነው! እሷ ምን አንጠልጥላ ሥራ ትግባ? ሂድና ስጣት፣ ታለቅሳለች።»

ሃሩዮን አስታወስኳት፤ የጎረቤታችን ሚስት፣ ጥርሷ የወለቀ፣ ሳቂታ። ከሞተች አርባ ዓመት ሆኗታል። ያንን ባንጎ አሥራ ስድስት ዓመት ይዤዋለሁ፤ ክብደቱን እስከ ግራም ሽራፊ አውቃለሁ፤ የማን እንደነበረ ግን አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም። አፈርኩ። ግን ለማፈር ጊዜ አልነበረኝም፤ ሳህኑ እንደመጣ ተመልሶ ነበር።

ስለዚህ በሰብሳቢ ዘንድ ከሁሉ የከፋውን ኃጢአት ለመሥራት ወሰንኩ። ሐሰተኛ ልሠራ። በሰብሳቢዎች ክበባችን ስብሰባ ላይ ስለ አጭበርባሪዎች እንደ እኔ የጮኸ ሰው የለም፤ አንዱን እንዲያውም አስባርሬያለሁ። አሁን ግን ጋራዤ ውስጥ ዓይኔን በጨው አጥቤ ናስ ቆረጥኩ፣ ሞረድኩ፣ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ በመዶሻ መታሁ። የእርሻው «4» አናቱ ላይ ክፍት ነው፤ እሱን እንኳ አልረሳሁም። ከዚያ አሮጌ እንዲመስል ከተቀቀለ ዕንቁላል ጋር ማሰሮ ውስጥ ከደንኩት፤ ዕንቁላል ናስን ያጠቁራል። ክዳኑን ገልጬ ሳይ ካሌኦሃኖ በር ላይ ቆሟል።

ካሌኦሃኖ አብሮ አደጌ ነው፤ የደሴቲቱ ነባር ተወላጅ፣ ሰፊ፣ ዝግ ያለ። የክበባችን ሊቀመንበርም እሱ ነው። ማሰሮውን አየ፣ መዶሻውን አየ፣ እኔን አየ።

«በስተርጅና ኩሽና ገባህ?»

«ዕንቁላል እየቀቀልኩ ነው።»

«በባንጎ ነው እንዴ የምትቀቅለው? ሚትሱጊ፣ ያንን ምስኪን ልጅ ለአንድ ሐሰተኛ ሳንቲም አስባረርከው እኮ!»

እጅ ከፍንጅ ተይዣለሁ። ሁሉንም ነገርኩት፤ ማክሰኞን፣ ቱቦውን፣ የሃሩዮን። ቁጥሩን ስጠራለት ፊቱ ተለወጠ። ይቀልዳል ብዬ ጠበቅኩ፤ እሱ ግን ኮፍያውን አንስቶ ወጣ። ክበቡን ሊሰበስብብኝ ነው አልኩ በልቤ። ይሰብስብ! እናቴ እስከበላች ድረስ ስሜን በግድግዳ ይለጥፉት።

እሑድ ጠዋት ሥራዬን ይዤ ሄድኩ። እውነቱን ለመናገር ኮርቼበት ነበር፤ ክበቡን በሙሉ ያታልል ነበር። እናቴ ቁጥሩን እንኳ አላነበበችም። በአውራ ጣቷ ጠርዙን ዞረችው፤ አንዴ፣ ደግሞ ሁለተኛ።

«የታጠፈው የታለ?»

«ምኑ ነው የታጠፈው?»

«ይሄ የእኔ አይደለም። ማን ወሰደብኝ? ምን ይዤ ነው ቤቴ የምገባው?»

ከዚያ እንደ ሕፃን አለቀሰች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ፤ እኔ መልቀሙም አቃተኝ። ፑሪታ ሳህኑን እንደያዘች ግድግዳውን ተደግፋ ዓይኗን ጠረገች።

ያኔ ነው ካሌኦሃኖ የገባው። ለሠርግ የሚለብሰውን አበባማ ሸሚዝ ለብሷል። እኔን ሰላም አላለኝም። ወንበር ስቦ ከእናቴ ፊት ተቀመጠ፣ ከደረት ኪሱ የታጠፈ መሐረብ አወጣ፣ ፈታው።

«እማማ ኪኩዬ» አለ፣ «አደራዎን አምጥቻለሁ።»

መሐረቡ ላይ ሞላላ ናስ አለ። አንድ ጎኑ ታጥፏል። ሦስት ሺህ አራት መቶ አሥራ ሰባት።

እጄ ሳላስበው ተዘረጋ። ካሌኦሃኖ በክርኑ መለሰው።

«አንተ አትነካውም።»

«ከየት አመጣኸው? ሃያ ዓመት ሙሉ ስፈልገው ከጎኔ ቁጭ ብለህ…»

«አዎ፣ ቁጭ ብዬ። የመጀመሪያ ሳጥንህን ያሳየሃት ሰሞን እናትህ ቤቴ መጣች። መጣሉ አላስቻላትም። ‹ልጄን ያሳደግኩበት ነው› አለችኝ። ‹እሱ ካገኘው ግን ካርድ ይጽፍልኛል። ከነዚያ መሃል ቁጥር ሆኜ እንዲያየኝ አልፈልግም› አለች። ቃል አስገባችኝ። ቃል የእምነት ዕዳ ነው፣ ሚትሱጊ። ስለዚህ ለአንተ አልሰጥም፤ ለባለቤቷ ነው የምመልሰው።»

ያ ቀን ትዝ አለኝ። ሳጥኑን ጠረጴዛ ላይ ከፍቼ «እዪ፣ እማዬ!» ስላት በጣቷ በረድፎቹ ላይ ሄዳ ሄዳ፣ ድንገት ልብስ ልታጥብ ተነሳች። ልብስ የምታጥብበት ቀን አልነበረም። እኔ ግን ክዳኑን በጥንቃቄ መዝጋቴን ነው የማስታውሰው። ካሌኦሃኖን ልሰድበው አስቤ ነበር፤ ተውኩት። ሃያ ዓመት ሙሉ እናቴን ከእኔ የጠበቃት እሱ ነው።

እናቴ በአውራ ጣቷ የታጠፈውን ነካች። ፊቷ በራ።

«የአገዳው ፉርጎ የረገጠው!» ብላ ሳቀች። «አለቃው ‹አዲስ እንስጥሽ› ሲለኝ እምቢ አልኩት። አንገቴ ለምዶታል።»

ካሌኦሃኖ ክሩን አሰረላት። ቀጥ ብላ ተቀመጠች፣ ቀሚሷን አስተካከለች፣ ባንጎውን ለፑሪታ አሳየቻት። ፑሪታም ልጅቷ ብልህ ናት፤ ጎንበስ ብላ አነበበችና «ልክ ነው፣ እማማ፤ ይውሰዱ» አለቻት።

እናቴ በላች። በቀስታ፣ ቀና ሳትል፣ ሾርባውን እስከ ጭላጩ ጠጣች። ከሩዙ ግማሹን በላች። እኔ ጉርሻዋን እየተከተልኩ አብሬ እውጥ ነበር።

ግማሹ ላይ ስትደርስ ቆመች። ዙሪያዋን አየች። ከዚያ የቀረውን ሩዝ በእርጥብ መዳፏ ማድበልበል ጀመረች፤ መሃሉ ላይ ከሳህኗ ዳር የነበረውን፣ በጨው የቆየ ፕሪም ደበቀች፣ ጠርዙን በጣቶቿ ጫፍ ጫን ጫን አደረገች። እጇ ምንም አልረሳም። በወረቀት መሐረብ ጠቀለለችውና ወደ እኔ ዘወር አለች። ስልሳ አምስት ዓመቴ ነው፤ ጸጉሬ ነጭ ነው።

«አንተ ልጅ፣ ወደ ላይኛው ሰፈር ትወጣለህ?»

«እወጣለሁ።»

«በሩ አረንጓዴ የሆነው ቤት ነው። ልጄ ብቻውን ነው፤ አባት የለውም። ከትምህርት ቤት ሲመጣ ይርበዋል።»

«ስሙ ማነው?»

«ሚትሱጊ» አለች። ሁለት ዓመት ሙሉ ከአፏ ስሜን አልሰማሁም ነበር። እጄን ያዘችና ጥቅሉን አስጨበጠችኝ። «‹እናቴስ በልታለች ወይ?› ብሎ ይጠይቅሃል። እኔ ካልበላሁ አይበላም፣ እንደሱ ነው። ‹እርሻው ላይ በልታለች› በለው።»

እውነቷን ነው። ያኔ በየማታው እጠይቃት ነበር፤ በየማታውም «እርሻው ላይ በልቻለሁ» ትለኝ ነበር፤ እኔም አምኜ የሁለታችንን እበላ ነበር።

«እነግረዋለሁ» አልኳት።

«እዚያው ቆመህ አስበላው። አለዚያ ያስቀምጥልኛል።»

ካሌኦሃኖ ወደ መስኮቱ ዞረ። እኔ ወደ ኮሪደሩ ወጣሁ፣ ወረቀቱን ፈታሁ፣ ሩዙ ገና ይሞቃል። እንዳለችኝ እዚያው ቆሜ በላሁት።